ከብረት ድጋፍ እስከ ሮም ወርቅ፦ የዊልማ ሩዶልፍ ቁርጭምጭሚት ታሪክ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የማያውቅ የለም። እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ብቻ ሳይሆን ሮጦ ዓለምን ሲቀድም ያየ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ የተገኘው ሕዝብ ይህን ለማየት ከታደሉት አንዱ ነበር።

የ20 ዓመቷ አሜሪካዊት ዊልማ ሩዶልፍ የመጀመሪያ ውድድሯን ልታደርግ አንድ ቀን ቀርቷታል። በልምምድ ሜዳው ላይ ስትሮጥ ሣር የሸፈነው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ እግሯ ገባ። ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ፣ ወዲያውም አበጠ። የቡድኑ ወጌሻ ጠቅልሎ አሰረላት፤ እግሯንም ከፍ አድርጋ እንድታሳርፍ ተደረገ።

ወለምታ በማንኛውም ሯጭ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። በዊልማ ላይ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። የሷ እግር ሲወለድ እንደተሰጠ እግር አልነበረም። እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት ለዓመታት በእጃቸው እያሹ መልሰው የሠሩት እግር ነበር። ያ ሁሉ ድካም የመቶ ሜትር ውድድር አንድ ሌሊት ሲቀረው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

የክላርክስቪል ልጅ

ዊልማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1940 በቴነሲ ክፍለ ሀገር፣ በክላርክስቪል ከተማ አጠገብ ተወለደች። ጊዜዋን ሳትጠብቅ ስለተወለደች ክብደቷ ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። አባቷ አቶ ኤድ ሩዶልፍ በባቡር ላይ ዕቃ ተሸካሚ ሆነው ይሠሩ ነበር። ከሁለት ጋብቻ 22 ልጆች ያፈሩ ሲሆን ዊልማ 20ኛዋ ነች። እናቷ ወይዘሮ ብላንች ደግሞ በነጮች ቤት በሠራተኛነት ተቀጥረው ይኖሩ ነበር።

ሕፃኗ የሳንባ ምችና ሌሎች በሽታዎች ተፈራረቁባት። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ደግሞ ከሁሉም የከፋው መጣ፤ የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ። ክትባቱ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ስለዚህ ለዊልማ አልደረሰላትም። ግራ እግሯና መርገጫዋ ኃይል አጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ እስከ 12 ዓመቷ ገደማ፣ እግሯ በብረት ድጋፍ እየታሰረ ነበር የምትንቀሳቀሰው። የሰፈሩ ልጆች ሲሮጡ እሷ ተቀምጣ ታይ ነበር።

ሐኪሞች የመራመዷን ነገር ተጠራጠሩ። እናቷ ግን ትሄዳለች አሉ። ልጅቷም፣ በኋላ እንደተናገረችው፣ እናቷን አመነች።

ሃምሳ ማይል በአውቶቡስ

በዚያ ዘመን ቴነሲ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው የሚኖሩ ነበሩ። በክላርክስቪል ለጥቁር ሰው የሚገኘው ሕክምና በጣም አነስተኛ ነበር። ስለሆነም ወይዘሮ ብላንች ተስፋ ያደረጉት በናሽቪል ከተማ የሚገኘውን የሜሃሪ የሕክምና ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1876 የተመሠረተና ጥቁር ሐኪሞችን የሚያሰለጥን ነበር። ርቀቱ 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እናትና ልጅ በየሳምንቱ ለሁለት ዓመት ያህል ያን መንገድ በአውቶቡስ ተመላለሱ። ጥቁሮች የሚቀመጡት ከኋላ በመሆኑ ቦታቸው የታወቀ ነበር። ለእናትየው ከሰው ቤት ሥራ የሚያርፉባት ቀን ለአውቶቡስ የምትውል ቀን ሆነች።

በሆስፒታሉ እግሯ በሙቅ ውኃ ይነከራል፣ ይታሻል፣ ይሳባል፣ ይታጠፋል። ሳምንታዊ ሕክምና ብቻውን ግን አይበቃም። ስለዚህ ወይዘሮ ብላንች አሠራሩን ተማሩና ለትልልቆቹ ልጆች አስተማሩ። ከዚያ በኋላ የዊልማ እግር በቤት ውስጥ በቀን አራት ጊዜ በተራ ይታሽ ጀመር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ የልጅቷ ወጌሻ ሆነ።

ይህ መታሸት ምን ሠራ? የልምሻ ቫይረስ የሚያጠቃው ጡንቻውን ራሱን አይደለም። በአከርካሪ ውስጥ ሆነው ጡንቻውን የሚያዝዙትን ነርቮች ነው። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ከሞት የተረፉት ነርቮች ግን አዳዲስ ቅርንጫፍ እያወጡ አዛዥ ያጡትን የጡንቻ ክሮች በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ። ይህ በሚሆንበት ጊዜ ውስጥ እግሩ ዝም ብሎ ከተተወ የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት ያጥራል፣ ቁርጭምጭሚቱ ተኮማትሮ ይደርቃል፣ መርገጫውም ይጣመማል። ያኔ ጡንቻው ኃይል ቢያገኝ እንኳን የሚያንቀሳቅሰው መገጣጠሚያ አይኖርም። የዊልማ ቤተሰብ በየቀኑ እግሯን እያሸና እያጠፈ የጠበቀላት ይህንኑ ነው፤ የቁርጭምጭሚቷን መታጠፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በዚያን ጊዜ በልምሻ ተይዘው እግራቸው ያልተመለሰላቸው ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ያልዳኑት እናታቸው ስላነሰች ወይም ጸሎቷ ስላልተሰማ አይደለም። በሽታው የገደለው የነርቭ ብዛት ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ ነው። ዊልማ የተረፈላት ነገር ነበራት፤ የተረፈላትን ግን ቤተሰቦቿ እንዲባክን አልፈቀዱም።

ቁርጭምጭሚት በሩጫ ውስጥ

ብዙ ሰው ፈጣን ሯጭ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ጭኑ ላይ ነው። ትልቁ ጉልበት ከዳሌና ከጭን የሚመነጭ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጉልበት ሁሉ መሬት የሚደርሰው በቁርጭምጭሚት በኩል አልፎ ነው። በሩ ከላላ ቤቱ ውስጥ ያለው ሀብት ምን ይጠቅማል?

በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለ የአጭር ርቀት ሯጭ እግሩ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ የሚቆየው ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ እግሩ የሚሸከመው ኃይል ከሯጩ ክብደት ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህን የሚቀበሉት የባት ጡንቻዎችና አኪሊስ ተብሎ የሚታወቀው የተረከዝ ጅማት ናቸው። ጡንቻው ጠንክሮ ይይዛል፣ ጅማቱ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ መልሶም ሲሰበሰብ ያጠራቀመውን ኃይል ወደፊት ይመልሳል። ቁርጭምጭሚቱ ልል ከሆነ ግን ተረከዙ ወደ መሬት ይሰምጣል፤ ከጭን የመጣው ጉልበትም አሸዋ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ይቀራል። ክሩ ያልተወጠረ ክራር ድምፅ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ያልተወጠረ ቁርጭምጭሚትም ፍጥነት አይሰጥም።

በሌላ በኩል ጨርሶ የማይታጠፍ ቁርጭምጭሚትም አይጠቅምም። ሯጩ ከመነሻው ሲፈናጠር ቅልጥሙ በመርገጫው ላይ ወደፊት ማዘንበል አለበት። ይህ ካልሆነ ሰውነቱ ቶሎ ቀጥ ይልና የመነሻ ግፊቱ ይባክናል። ስለዚህ ጥሩ የሩጫ ቁርጭምጭሚት ማለት እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ማለት አይደለም። መታጠፍ ሲገባው የሚታጠፍ፣ መጽናት ሲገባው የሚጸና ማለት ነው። አሰልጣኞች ይህን ለማግኘት ሯጮቻቸውን ገመድ ያዘልላሉ፣ በአንድ እግር ያስነጥራሉ፣ በእግር ጣት ያስቆማሉ። በአገር ቤት ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ከዚሁ ትምህርት ቤት ተምሯል።

ለኢትዮጵያውያን ሯጮችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ከ25 ዙር በኋላ ወርቁን የወሰነው የአጭር ርቀት ሩጫ ነው። ኃይሌ በዚያ ዓመት የተረከዝ ጅማቱ ሕመም ሲያሠቃየው ቆይቶ፣ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ማድረጉ የሚታወስ ነው። ያችን ዘጠኝ መቶኛ የከፈለው በዚያው በታመመው ጅማት ነበር።

ከቅርጫት ኳስ ወደ ሩጫ

ዊልማ የብረት ድጋፉን አውልቃ እንደ ማንኛውም ልጅ መራመድ ስትጀምር አንድ ቦታ የምትቀመጥ አልሆነችም። በበርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ገባች። ቁመቷም ቀስ በቀስ 1 ሜትር ከ80 ደረሰ። በአንድ ጨዋታ ላይ ዳኛ ሆነው የተገኙት የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ሩጫ አሰልጣኝ ኤድ ቴምፕል አይተዋት ለበጋ ልምምድ ጋበዟት።

መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። በአላባማ፣ በተስኪጊ በተደረገ ትልቅ ውድድር ላይ በገባችበት ሁሉ ተሸነፈች። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቀዳሚ መሆንና ከሠለጠነ ሯጭ ጋር መሮጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ተረዳች። ረጅም እግር ስለነበራት ከመነሻው ላይ መዘግየቷ ዘላቂ ድክመቷ ነበር። አንዴ ቀጥ ብላ ሙሉ ፍጥነቷ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን የሚደርስባት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና የ16 ዓመት ተማሪ ሳለች፣ ለሜልቦርን ኦሊምፒክ ተመርጣ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ነሐስ አገኘች። ኢትዮጵያም በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በዚያው በሜልቦርን እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል።

በቴነሲ ስቴት ቴምፕል ያሠለጠኗቸው ሴቶች የሩጫ ችሎታ ስላላቸው ብቻ በነፃ የሚማሩ አልነበሩም። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በየቀኑ ሥራ እየሠሩ ነበር የሚማሩት። ከእኚህ ሰው እጅ ግን በጊዜ ብዛት 40 ኦሊምፒያውያን ወጥተው 23 ሜዳሊያ አምጥተዋል። ዊልማ ራሷ ወደ ሮም ከመሄዷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1960፣ 200 ሜትርን በ22.9 ሰከንድ በመሮጥ ከ23 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ሦስት ወርቅ

ወደ ሮም እንመለስ። የታሰረው ቁርጭምጭሚት ሌሊቱን አርፎ አደረ። በማግሥቱ ዊልማ ማጣሪያውን ሮጠች፤ እግሯም ያዘላት። በግማሽ ፍጻሜው 11.3 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ተስተካከለች።

መስከረም 2 ቀን 1960 (በኢትዮጵያ ነሐሴ 27 ቀን 1952) የ100 ሜትር ፍጻሜ ተደረገ። የዚያን ጊዜ የሩጫ ሜዳ የዛሬው ዓይነት ላስቲክ መሳይ አልነበረም። ሰው ሠራሽ የሩጫ ሜዳ ለኦሊምፒክ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ነው። በሮም የሚረገጠው መሬት የእግርን ግፊት ከፊሉን የሚውጥ፣ ቁርጭምጭሚትን ይበልጥ የሚያደክም ነበር። ዊልማ በዚያ ላይ 11.0 ሰከንድ ገባች። ሁለተኛ የወጣችው እንግሊዛዊቷ ዶርቲ ሃይማን 11.3 ነበር ያስመዘገበችው። ይህም ሦስት ሜትር ያህል ልዩነት ማለት ነው። ከኋላ የሚገፋው ነፋስ ከተፈቀደው በላይ ስለነበር ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም፤ ወርቁ ግን የሷ ሆነ።

መስከረም 5 ቀን በ200 ሜትር ደገመች። መስከረም 8 ቀን የዱላ ቅብብሉ ተራ ደረሰ። ማርታ ሃድሰን፣ ሉሲንዳ ዊልያምስ፣ ባርባራ ጆንስና ዊልማ ሩዶልፍ አራቱም የቴነሲ ስቴት ልጆች ነበሩ። የመጨረሻው ቅብብል ላይ ዱላው ከዊልማ እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ፍጥነቷ ተሰበረ፣ ተቀናቃኞቿም ገሠገሡ። እንደገና ከመነሳት በቀር ምርጫ አልነበራትም። በዚያች ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱ እንደ መነሻው ጊዜ መታጠፍና መግፋት፣ ከዚያም እንደ ክራር ክር መወጠር ነበረበት። አላሳፈራትም። የአሜሪካ ቡድን በ44.5 ሰከንድ አንደኛ፣ የጀርመን ቡድን በ44.8 ሁለተኛ ወጡ። ዊልማም በአንድ ኦሊምፒክ በሩጫ ሦስት ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 10 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ሰው በባዶ እግሩ ሮጠ። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨርሶ የኮንስታንቲን ቅስት ሥር ገባ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ጥቁር ሰዎች፣ አንዷ መራመድ ትችላለች ተብላ ያልታሰበች፣ ሌላው ማንም ያልጠበቀው፣ ዓለምን በእግራቸው አስደነቁ።

የመመለሻው ሰልፍ

ክላርክስቪል ለልጇ ትልቅ አቀባበል ለማድረግ ተዘጋጀች። ችግሩ በከተማዋ ልማድ መሠረት ነጭና ጥቁር አንድ ላይ የማይሰለፉ፣ አንድ ላይም ለግብዣ የማይቀመጡ መሆናቸው ነው። የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥም በምርጫ ዘመቻቸው ወቅት የዘር መለያየትን በይፋ የደገፉ ሰው ነበሩ። ዊልማ ሕዝብ የሚለያይበት በዓል ከሆነ አልገኝም አለች። ገና የ20 ዓመት ተማሪ ነች፤ አባቷና እናቷ የሚኖሩት በዚያችው ከተማ ነው። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ከተማዋ ተሸነፈች። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1960 የተደረገው ሰልፍና የማታው ግብዣ በክላርክስቪል ታሪክ ጥቁርና ነጭ በአንድነት የታደሙበት የመጀመሪያው ሕዝባዊ በዓል ሆነ። ሕግና ፖሊስ ያላገናኘውን ሕዝብ አንዲት የልምሻ በሽተኛ የነበረች ልጅ አገናኘችው።

በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1961 በጀርመን፣ በሽቱትጋርት 100 ሜትርን በ11.2 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። በ1962 ሩጫ አቆመች። በ1963 ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ አስተማሪ ሆነች። በዚያው ዓመት በክላርክስቪል ጥቁሮችን አናስተናግድም ያለ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ከተቃዋሚዎች ጋር ተሰለፈች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የከተማዋ የሕዝብ አገልግሎቶች ለሁሉም ክፍት መሆናቸው ታወጀ። የአሜሪካን የስደተኞች ሕግ ለአፍሪካውያን በሰፊው የከፈተው የ1965ቱ ለውጥ የመጣውም በዚሁ የትግል ዘመን ነው። ዛሬ በናሽቪልም ሆነ በዋሽንግተን ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ምግብ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ፣ ወንበሩ በነፃ የተገኘ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል።

የእግርና የሰው ዕድል

ዕድል አንዳንድ ጊዜ ተገላቢጦሽ ትጫወታለች። በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እሱም ቢሆን እጁን አልሰጠም። በእንግሊዝ አገር ከታከመ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እ.ኤ.አ. በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። አንዷ ከብረት ድጋፍ ተነስታ ወደ ሩጫ ሄደች፤ ሌላው ከሩጫ ወደ ወንበር ሄደ። የሰው ልጅ ታላቅነት በእግሩ ብቻ እንደማይለካ ሁለቱም አሳዩ።

ዊልማ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1994 በአንጎል ዕጢ ሕመም በ54 ዓመቷ ዐረፈች። በክላርክስቪል ዛሬ አንድ ትልቅ ጎዳና በስሟ ይጠራል። ልምሻም ቢሆን ያኔ የነበረውን ጉልበት አጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑን አረጋግጧል። አንድ የክትባት ጠብታ የሁለት ዓመት የአውቶቡስ ጉዞን ታስቀራለች።

ስለ ዊልማ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሦስቱ ወርቅና የሰከንዱ ቁጥር ነው። ሩጫው ከመጀመሩ ከ15 ዓመት በፊት ግን ሌላ ሩጫ ነበረ። በሰው ቤት ውለው ደክመው የገቡ እናት የልጃቸውን እግር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያሻሉ፤ እህት ትቀበላለች፤ ወንድም ይከተላል። የመጀመሪያው ዱላ ቅብብል እሱ ነበር። ተመልካች አልነበረውም፣ ሰዓት የሚይዝም አልነበረም። በሮም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል መሬት ነክቶ ያልሰመጠው ቁርጭምጭሚት የተሠራው በዚያ ቤት ነው።

በሰው አገር ሁለት ሥራ እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ድካሙ የት እንደሚደርስ ዛሬ አያየውም። ወይዘሮ ብላንችም በናሽቪል አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሮምን አላዩም። እንቁላሉ ግን በእግሩ ሄደ።